የ10 ሳንቲም መጽሔትና የ130 ዶላር ቼክ

ነጋዴ የዋጋ ንረት ወሬ አዲስ አይሆንበትም። የሲሚንቶም፣ የብረትም፣ የቡናም ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ ለምዶታል። በ10 ሳንቲም የተሸጠ አንድ ቀጭን መጽሔት በ15 ሚሊዮን ዶላር እጅ ለወጠ ቢባል ግን ማንም ቢሆን ቆም ብሎ «በምን ሒሳብ?» ማለቱ አይቀርም።

ነገሩ እውነት ነው። መጽሔቱ «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 ይባላል። በአሜሪካ በሚያዝያ 1938 ለገበያ ቀረበ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፈረንጆች «ኮሚክ» የሚሉት፣ ታሪኩ በተከታታይ ሥዕል የሚተረክ፣ የባለታሪኮቹ ንግግር ከአፋቸው በወጣ ክብ ውስጥ የሚጻፍበት ቀጭን መጽሔት ነው። በዚህ ቁጥር 1 ሽፋን ላይ ሰማያዊ ልብስ የለበሰ፣ ቀይ ካባ ያጠለቀ ጎልማሳ አረንጓዴ መኪና ከፍ አድርጎ ተሸክሞ ይታያል። ሱፐርማን ለዓለም የተዋወቀው በዚህ መልክ ነበር።

መጽሔቱ ወርቅ የለበትም፤ ጌጥ የለበትም። ርካሽ የጋዜጣ ወረቀት በሁለት የሽቦ ስፌት ተያይዞ የተሠራ የልጆች ንባብ ነው። ታዲያ ዋጋውን ምን ሰቀለው? ማንስ ተጠቀመበት? መልሱ ለአሮጌ መጽሔት ሰብሳቢ ብቻ ሳይሆን፣ ዕቃ ገዝቶ ለነገ ለሚያስቀምጥ ሁሉ የሚጠቅም ይመስለናል።

የአንድ ቅጂ ጉዞ

የ15 ሚሊዮን ዶላሩን ቅጂ ታሪክ እንመልከት። በ1996 የሆሊውድ ተዋናይ ኒኮላስ ኬጅ በ150 ሺህ ዶላር ገዛው። በ2000 ከቤቱ ተሰረቀ። 11 ዓመት ያህል ከጠፋ በኋላ በ2011 በካሊፎርኒያ ከአንድ የተተወ የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ተገኘ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ላይ በ2 ሚሊዮን 160 ሺህ ዶላር ተሸጠ። በጥር 2026 ደግሞ በ15 ሚሊዮን ዶላር እጅ ለወጠ።

ይህ ብቻውን የቆመ ሽያጭ አይደለም። ሌላ የዚሁ መጽሔት ቅጂ በ2024 በ6 ሚሊዮን ዶላር ተጫርቷል። በ2025 ደግሞ ሦስት ወንድማማቾች በሞት በተለየቻቸው እናታቸው ቤት ጣሪያ ሥር፣ በአሮጌ ጋዜጦች ከተሸፈነ ካርቶን ውስጥ፣ በ1939 የታተመውን «ሱፐርማን» ቁጥር 1 አግኝተው ለጨረታ አቀረቡ። በ9 ሚሊዮን 120 ሺህ ዶላር ተሸጠላቸው።

እንዲህ ዓይነት ወሬ የሰማ ሁሉ ወደ ቤቱ ቆጥ ማንጋጠጡ አይቀርም። ሆኖም ከመቸኮል በፊት የዋጋውን ምሥጢር መመርመር ይበጃል።

ማንም ያላስቀመጠው ዕቃ

«አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 በ200 ሺህ ቅጂ ገደማ እንደታተመ ይነገራል። ዛሬ በዓለም ላይ ቀረ ተብሎ የሚገመተው 100 ያህል ነው። ከ2 ሺህ ቅጂ አንዱ ማለት ነው። የቀሩት የት ገቡ?

መልሱ ቀላል ነው፤ ተጣሉ። የ10 ሳንቲም የልጆች መጽሔት ነበርና ልጆች አነበቡት፣ አጠፉት፣ ለጓደኛ ሰጡት፣ እናቶች ቤት ሲያጸዱ ከቆሻሻ ጋር አወጡት። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ በመላ አሜሪካ የአሮጌ ወረቀት ማሰባሰብ ዘመቻ ተካሄደ። ልጆች ራሳቸው በጋሪ እየጫኑ መጽሔቶቻቸውን ለአገር አስረከቡ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ «እነዚህ መጽሔቶች ልጆችን ያባልጋሉ» የሚል ክስ ተነሣ። በ1940ዎቹ መጨረሻ በአንዳንድ ከተሞች በአደባባይ ተቃጠሉ። በ1954 ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ሴኔት ደርሶ ተመረመረ፤ አሳታሚዎቹም በዚያው ዓመት ራሳቸውን የሚገዙበት ጥብቅ ደንብ ለማውጣት ተገደዱ።

እንግዲህ እጥረቱን የፈጠረው ነጋዴ አይደለም። ማንም «ነገ ይወደዳል» ብሎ ስላላስቀመጠው ነው የተወደደው። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

እጥረት ብቻውን ግን ዋጋ አይሆንም። በዚያው በ1938 የታተሙ፣ ከዚህ ያነሰ ቅጂ የተረፈላቸው ብዙ መጽሔቶች አሉ። ፈላጊ ስለሌላቸው ማንም አይጠይቃቸውም። ሱፐርማን ግን በሬዲዮ፣ በፊልም፣ በቴሌቪዥን እየተደጋገመ ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ። ልጅ ሆኖ ያነበበው ሰው ጎልምሶ ገንዘብ ሲይዝ የልጅነቱን ዕቃ መልሶ ለመግዛት ተነሣ። በ1970 የመጀመሪያው የአሮጌ ኮሚኮች የዋጋ መመሪያ መጽሐፍ ሲታተም «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1ን በ300 ዶላር መድቦት ነበር። መመሪያው መውጣቱ ራሱ ገበያውን ለወጠው። ሻጭና ገዢ የሚነጋገሩበት ዋጋ አገኙ።

«ከአያያዝ ይቀደዳል»

ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይላል የአገራችን ሰው። ለዚህ ገበያ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በዚህ ንግድ ዋጋው ያለው አያያዙ ላይ ነው።

በ2000 «ሲጂሲ» የተባለ ድርጅት በአሜሪካ ሥራ ጀመረ። ሥራው መጽሔት መግዛትም መሸጥም አይደለም። ክፍያ ተቀብሎ መርምሮ ከ10 ነጥብ ይሰጣል፤ ከዚያም በግልጽ ፕላስቲክ አሽጎ ነጥቡን ከላይ ይለጥፍበታል። የተቀደደ ገጽ፣ የዛገ ሽቦ፣ የደበዘዘ ቀለም፣ በኋላ የተደረገ ጥገና ሁሉ ነጥብ ይቀንሳል። በ2022 ነጥቡ 6 የሆነው «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 3 ሚሊዮን 180 ሺህ ዶላር አወጣ። በ2024 በ6 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው ነጥቡ 8 ተኩል ነበር። የ15 ሚሊዮኑ ደግሞ 9 ነው።

ለቡና ነጋዴ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ደረጃ ያልወጣለት ቡና እና ደረጃ የወጣለት ቡና በአንድ ዋጋ አይሸጡም። ገለልተኛ መዛኝ ሲኖር፣ ዕቃውን በዓይኑ ያላየ ገዢ ከሌላ ክፍለ ዓለም ሆኖ ገንዘቡን ይልካል። የአሮጌ ኮሚክ ገበያ ከሰፈር ሱቅ ወጥቶ ወደ ዓለም አቀፍ ጨረታ የተሸጋገረው በዚህ ምክንያት ነው።

ላም አለኝ በሰማይ

አሁን ወደ ኪሳራው እንምጣ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የአሮጌ ኮሚኮች የጨረታ ዋጋ በጋዜጦች መወራት ጀመረ። ወሬውን የሰማው ሁሉ «አሮጌው ይህን ያህል ካወጣ፣ አዲሱን ዛሬ ገዝቼ ባስቀምጥ ነገ ሀብታም እሆናለሁ» አለ። አሳታሚዎቹም የገዢውን ስሜት አልሳቱትም። አንዱን መጽሔት በተለያየ ሽፋን ማተም፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት መሸፈን፣ በፕላስቲክ አሽጎ ካርድ መጨመር ተጀመረ።

በ1991 የማርቭል ኩባንያ «ኤክስ-ሜን» ቁጥር 1ን በአምስት ዓይነት ሽፋን አወጣ። 8 ሚሊዮን 100 ሺህ ገደማ ቅጂ ለሱቆች ተሸጠ። በኅዳር 1992 ተፎካካሪው ዲሲ «ሱፐርማን ሞተ» የሚለውን ቁጥር 75 በጥቁር ከረጢት አሽጎ፣ የሐዘን ክንድ ማሰሪያ ጨምሮ አወጣ። ሰው በየሱቁ በር ተሰለፈ። ከ6 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጠ። ብዙው ገዢ ከረጢቱን እንኳ ሳይከፍት አስቀመጠው። ሱፐርማንም ዓመት ሳይሞላው፣ በ1993፣ ከሞት ተነሣ።

ይህ ሁሉ ሲሆን በገበያው ውስጥ ያልታየ አንድ ነገር ነበር። በጥንቱ አሠራር የጋዜጣ መሸጫዎች ያልተሸጠላቸውን መጽሔት ለአከፋፋዩ ይመልሱ ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተስፋፉት ልዩ የኮሚክ ሱቆች ግን በተሻለ ቅናሽ ይገዙና ያልተሸጠውን ላይመልሱ ይስማማሉ። ስለዚህ «ይህን ያህል ሚሊዮን ተሸጠ» ሲባል ለሱቅ ተሸጠ ማለት እንጂ ለአንባቢ ተሸጠ ማለት አልነበረም። ባለሱቁ በሱፐርማን ሞት የተመለከተውን ሰልፍ አስቦ ለትንሣኤው በብዛት አዘዘ። ሰልፈኛው አልመጣም። ዕቃው መደርደሪያው ላይ፣ ዕዳው ባለሱቁ ላይ ቀረ።

በአሜሪካ ገበያው በጦፈበት ጊዜ 10 ሺህ ያህል ይደርሱ ነበር የሚባሉት ሱቆች፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ 4 ሺህ ገደማ እንደወረዱ ይገመታል። ለልጃቸው የኮሌጅ ክፍያ ይሆናል ብለው በካርቶን ሙሉ ያስቀመጡ ወላጆች፣ ልጁ ኮሌጅ ሲደርስ ካርቶኑን ይዘው ወጡ። ሁሉም ያንኑ ካርቶን ይዞ ወጥቶ ነበር። የ1991ዱ «ኤክስ-ሜን» ቁጥር 1 ዛሬም በጥቂት ዶላር ይገኛል።

ልዩነቱ ግልጽ ነው። የ1938ቱን ማንም አላስቀመጠውም፤ የ1992ቱን ሁሉም አስቀመጠው። ሁሉም ያስቀመጠው ዕቃ አይጠፋም፤ የማይጠፋ ዕቃ ደግሞ አይወደድም። አሳታሚው በሽፋኑ ላይ «የሰብሳቢዎች ልዩ ዕትም» ብሎ ስለጻፈበት ብርቅ አይሆንም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለዚህ ነው።

ናፍቆትም ዕድሜ አለው

አንድ ሌላ አደጋም አለ። ናፍቆት ከናፋቂው ጋር ያረጃል።

በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ከሱፐርማን ባልተናነሰ የአሜሪካ ልጆች ጀግና የነበረው ዘፋኙ ካውቦይ ሮይ ሮጀርስ ነው። ፊልም፣ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ፣ ኮሚክ፣ የምሳ ዕቃ፣ መጫወቻ ሽጉጥ ሁሉ በስሙ ይሸጥ ነበር። በስሙ ሙዚየም ተቋቁሞ ለዓመታት ሠርቷል። ሆኖም በልጅነታቸው የወደዱት ሰዎች እያረጁ፣ ጎብኚው እየቀነሰ ሄደ። ሙዚየሙ በ2009 ተዘጋ። በ2010 ንብረቱ በጨረታ ሲሸጥ፣ ቆዳው በፈረስ ቅርጽ ላይ ተወጥሮ የቆመው ዝነኛ ፈረሱ «ትሪገር» 266 ሺህ 500 ዶላር አወጣ። ለፈረሱ ጥሩ ዋጋ ነው። ነገር ግን ጨረታው የተካሄደው ሙዚየሙን የሚጎበኝ ስለጠፋ መሆኑን መዘንጋት የለበትም።

ሱፐርማንን ከዚህ ያዳነው ታሪኩ ለእያንዳንዱ ትውልድ እንደገና መነገሩ ነው። ስለዚህ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው «ይህን ዛሬ ማን ይወደዋል?» ብሎ መጠየቁ አይበቃም። «ከ30 ዓመት በኋላ ገንዘብ የሚይዘው ሰው ዛሬ ልጅ ሆኖ ምን እየወደደ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ወረቀቱ ከሠረ፣ ጀግናው አተረፈ

የማርቭል ታሪክ ይህን ያጠናክራል። ባለሀብቱ ሮናልድ ፔረልማን በ1989 ኩባንያውን በ82 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ገዛ። በ1991 አክሲዮኑ ለሕዝብ ተሸጠ። ከዚያም በብድር የስፖርት ካርድ አምራቾችን፣ የተለጣፊ ሥዕል ድርጅትንና አከፋፋይን ጠቀለለ። በ1994 የቤዝቦል ተጫዋቾች ሥራ ሲያቆሙ የካርዱ ገበያ ወደቀ፤ የኮሚኩ ገበያም ከላይ በተጠቀሰው ምክንያት እየሟሸሸ ነበር። በ1993 ከ35 ዶላር በላይ የደረሰው የማርቭል አክሲዮን በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ 2 ዶላር ተኩል ገደማ ወረደ። በታኅሣሥ 1996 ኩባንያው ከአበዳሪዎቹ የሚከላከልለትን የኪሳራ ሕግ ጥበቃ ጠየቀ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በጥድፊያ የተገዛው ድርጅት ሁሉ አንድ በአንድ ወጣ። በመጨረሻ በእጅ የቀረው በመጋዘን የማይቀመጥ፣ የማይበላሽ ንብረት ነበር፤ ገጸ ባሕርያቱ። በ2005 ማርቭል የራሱን ፊልም ለመሥራት 525 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ብድር ሲያገኝ፣ ለመያዣነት ያቀረበው ሕንጻ ወይም ማሽን አልነበረም። እንደ ካፒቴን አሜሪካና ብላክ ፓንተር ያሉ ጀግኖችን የፊልም መብት ነው ያስያዘው። ፊልሞቹ ቢወድቁ መብቱ ለአበዳሪው ይሄድ ነበር። በ2008 «አይረን ማን» ወጥቶ በዓለም ዙሪያ ከ580 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2009፣ ዲዝኒ ማርቭልን በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚገዛው አስታወቀ።

ወረቀቱን ያከማቸው ከሠረ፤ መብቱን የያዘው ከበረ ማለት ይቻላል።

የበይ ተመልካቾች

ታዲያ ጀግናውን የፈጠሩትስ? እዚህ ላይ የሚያሳዝን ታሪክ አለ።

ሱፐርማንን የፈጠሩት የክሊቭላንድ ከተማ ልጆች የነበሩት ጸሐፊው ጄሪ ሲገልና ሠዓሊው ጆ ሹስተር ናቸው። ታሪኩን ይዘው በየጋዜጣ ድርጅቱ ለዓመታት ቢንከራተቱም የሚቀበላቸው አጡ። በመጋቢት 1938 አንድ አሳታሚ ሲቀበላቸው ሁለቱም የ23 ዓመት ወጣቶች ነበሩ። ክፍያው ለአንድ ገጽ 10 ዶላር፣ ለ13 ገጽ 130 ዶላር ሆነ። በዚያ ገንዘብ ታሪኩን ብቻ ሳይሆን የሱፐርማንን ሙሉ መብት ለዘለዓለም ፈርመው ሰጡ።

በ1947 ከሰሱ። በቀጣዩ ዓመት በ94 ሺህ ዶላር ገደማ ጉዳዩ በስምምነት አለቀ፤ መብቱ ግን ከአሳታሚው ጋር ቀረ፣ ስማቸውም ከመጽሔቱ ላይ ወጣ። ሹስተር የዓይኑ ብርሃን እየደከመ ሄደ። ሲገል በሎስ አንጀለስ በአነስተኛ ደመወዝ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። በ1975 ትልቅ የሱፐርማን ፊልም ሊሠራ መሆኑ ሲሰማ ሲገል በደሉን ለጋዜጦች አሰማ። ሠዓሊዎችና ጋዜጠኞች አብረውት ጮኹ። በመጨረሻ የመብቱ ባለቤት የሆነው ዋርነር ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20 ሺህ ዶላር ሊቆርጥላቸውና ስማቸው እንዲመለስ ተስማማ። ሹስተር በ1992፣ ሲገል በ1996 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

የነገሩ ማሳረጊያ ደግሞ ይብሳል። የ130 ዶላሩ ክፍያ የተጻፈበት ቼክ፣ ከሌላ ሥራ ክፍያ ጋር በጠቅላላው የ412 ዶላር ቼክ፣ አልጠፋም ነበር። በ2012 ለጨረታ ቀረበ። 160 ሺህ ዶላር ተሸጠ። ቼኩ ራሱ ለፈጣሪዎቹ ከተከፈለው ገንዘብ በብዙ መቶ እጥፍ በለጠ፤ ከሽያጩ ግን አንዳቸውም አልቀመሱም።

መብትም ቢሆን ዘለዓለማዊ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ መሠረት በ«አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 የታተመው የሱፐርማን ታሪክ የቅጂ መብት በ2033 መጨረሻ ያበቃል። ከጥር 2034 ጀምሮ ማንም ሊያትመው ይችላል። በመብት ላይ ገንዘብ የሚያፈስ ሰው ስንት ዓመት እንደቀረው መቁጠር አለበት።

ይህ ነገር ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?

የገጸ ባሕርይ መብት የአሜሪካኖች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ2018 «እጣን ኮሚክስ» የተባለ አሳታሚ «ጀምበር» የተሰኘውን የኢትዮጵያዊ ልዕለ ኃያል ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አቅርቧል። ከዚያም «ሐዊ» የተባለች ጀግናን አስከትሏል። የአገራችንም ሕግ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ከለላ ይሰጣል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በእኛው አቆጣጠር ነው) መሠረት፣ የአንድ ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብት ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል።

ስለዚህ ለማስታወቂያም ሆነ ለምርት መለያ ሠዓሊ ቀጥሮ ገጸ ባሕርይ የሚያሠራ ነጋዴ፣ የገዛው ሥዕሉን ይሁን መብቱን በውሉ ላይ በግልጽ ያስጽፍ። ሠዓሊውም ቢሆን የዛሬው የኪስ ገንዘብ የነገውን ንብረት እንዳያስረሳው ከመፈረሙ በፊት ውሉን ያንብብ። ሲገልና ሹስተር ከመፈረማቸው በፊት የሚመክራቸው ሰው ቢያገኙ ኖሮ ታሪካቸው ሌላ በሆነ ነበር።

«አስቀምጠው፣ ነገ ይወደዳል» ለሚል ደላላ ደግሞ ሦስት ጥያቄ ይበቃዋል። ይህን ዕቃ ከእኔ ሌላ ስንት ሰው አስቀምጦታል? ደረጃውን የሚመሰክር ገለልተኛ ሰው አለ? ለመሸጥ በምወጣበት ዓመት የሚወደው ትውልድ ይኖራል? ለሦስቱም የሚያጠግብ መልስ ካልመጣ ገንዘቡ በኪስ ቢቆይ ይሻላል።